ቍጥር በታሪክ ላይ ስላለው ሥልጣን

ቍጥር በመጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ሦስት ልዩ ልዩ ሥራ ይሠራል፤ ይመሰክራል፥ ያከብራል፥ ያስደንቃል። የሚመሰክረው ቍጥር የነጋዴና የመዝገብ ጸሐፊ ቍጥር ነው፤ አንድ ቢጐድል ወይም አንድ ቢተርፍ ሒሳቡ ይበላሻል። የሚያከብረው ቍጥር የዜና መዋዕል ጸሐፊና የባለቅኔ ቍጥር ነው፤ ምላትን ወይም ብዛትን ለማመልከት የተሰጠ ስለ ሆነ በጣት እየለቀሙ ሊፈትኑት አይገባም። የሚያስደንቀው ቍጥር ደግሞ የጋዜጣና የጨዋታ ቍጥር ነው፤ ሥራው ሰሚውን ከመቀመጫው ብድግ ማድረግ ነው። ሦስቱም በየስፍራቸው ሲኖሩ ይጠቅማሉ። ዳሩ ግን አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሶ በተገኘ ጊዜ አንባቢው ይሳሳታል፤ ከዚያም የሚከተለው ጉዳት በመጽሐፉ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

ይህ ነገር ጐልቶ ከሚታይባቸው ታሪኮች አንዱ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በመቅደላ የተፈጸመው የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ነው። የየጁው ራስ ጕግሣ የመሠረቷት፥ ከጕና ተራራ ሥር ያለችው ይህች ከተማ የንጉሠ ነገሥቱ መናገሻ ሆና ነበር፤ በአጠገቧ ባለችው በጋፋትም መድፍ ተሠርቷል። ስለዚያ ዘመን የአገር ሊቃውንት ዜና መዋዕል ጽፈዋል፤ የእንግሊዝ መኰንኖች የወጪ መዝገብ ትተዋል፤ የጋዜጣ ሰዎች ወሬ ልከዋል፤ በኋላ የተነሡ ደራስያንም ልቦለድና ተውኔት ደርሰዋል። እንግዲህ አንድ ታሪክ በአራት ዓይነት እጅ ተጽፎ ይገኛል፤ ቍጥሩም በእያንዳንዱ እጅ ሌላ ጠባይ አለው። ስለዚህ የትኛው ቍጥር ትክክል ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ማን ለማን ብሎ እንደ ቈጠረው፥ ምንስ ሳይቈጠር እንደ ቀረ መመርመር ያስፈልጋል።

የአገራችን ጸሐፌ ታሪክ የሠራዊትን ብዛት «እንደ ባሕር አሸዋ፥ እንደ ሰማይ ከዋክብት» ብሎ ማለፉ ቍጥር ስለማያውቅ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ፥ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ይህ ደጋ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ያልጠፉበት አገር ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 እንደሚሆኑ ያውቃል፤ የትንሣኤን ዕለት ከብዙ ዘመን አስቀድሞ አንዲት ቀን ሳያዛንፍ ይናገራል። እንዲህ አጥብቆ መቍጠር የሚችል ሰው ሠራዊትን «ቍጥር የሌለው» ብሎ ከጻፈ፥ ያን ያለው መቍጠር ተስኖት አይደለም፤ የያዘው ብዕር የውዳሴ ብዕር ስለ ሆነ ነው። ለበዓሉ የሚመሰክረውን ቍጥር ሰጠ፤ ለንጉሡ የሚያከብረውን ቍጥር ሰጠ። ስሕተቱ የሚመጣው የዛሬ አንባቢ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ሲያኖራቸው ነው።

ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በግእዝ መጻፍን ትተው በአማርኛ ጽፈውታል፤ ሥራቸውም በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በባሕር ማዶ ታትሟል። እነርሱ በጻፉበት ዘመን በሕዝብ አፍ ይመላለስ የነበረው ትልቁ ቍጥር 40 ነበር። በፍካሬ ኢየሱስ ምክንያት ሲነገር እንደ ኖረው፥ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ 40 ዘመን በሰላም ይገዛል። ደጃዝማች ካሣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲቀቡ ስመ መንግሥታቸውን ቴዎድሮስ ማሰኘታቸው ይህን ተስፋ በራሳቸው ላይ መጫናቸው ነበር። መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው 40 የምላት ቍጥር እንደ ሆነ ያስተውላል፤ የጥፋት ውኃ፥ የሙሴ ጾም፥ የጌታ ጾም ሁሉ በዚሁ ተቈጥረዋል። የዘመን መቍጠሪያው ግን ሌላ ነገር መሰከረ፤ ከየካቲት 1847 እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. 13 ዓመት ብቻ ነው። ትንቢቱ 40 አለ፥ ዘመኑ 13 አለ፤ የንጉሡ ኀዘን ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ደራሲ 40ውን ትቶ 13ቱን ብቻ ቢጽፍ የአንድ ኃይለኛ ሹም ታሪክ ይወጣዋል፤ 13ቱን ትቶ 40ውን ብቻ ቢያስብ ሕልም ይጽፋል። ሁለቱን አንድነት የያዘ ግን ታሪክ ጻፈ ይባላል።

ንጉሠ ነገሥቱና ካህናቱ የተጣሉበትም ነገር በቍጥር የሚነገር ነው። ከ1848 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፥ ከእነርሱ የተረፈው መሬት ለገባርና ለወታደር ይሁን የሚል አሳብ አመጡ። ካህናቱም አጥብቀው ተቃወሙ። ይህን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች አንዱን ወገን አስተዋይ፥ ሌላውን ስስታም አድርገው ያልፋሉ። ነገሩ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን አምስት ልዑካን ናቸው፤ ቅዳሴ በአምስት ልዑካን ይፈጸማልና የንጉሡ ሒሳብ በመቅደሱ ውስጥ ሲታይ ትክክል ነው። ነገር ግን በቅኔ ማሕሌቱ የሚቆመው ደብተራ፥ በጉባኤ ቤቱ የሚያስተምረው መምህር፥ በቆሎ የሚማረው ተማሪ በዚህ ቍጥር አልገቡም። ንጉሡ የቈጠሩት የቅዳሴውን ሰው ነው፤ ካህናቱ የቈጠሩት የትምህርቱን ሰው ሁሉ ነው። የሁለቱም ድምር ትክክል ነበር፤ የተቈጠረው ነገር ግን አንድ አልነበረም። ይህን የለየ ጸሐፊ ማንንም ሳይሳደብ የጠቡን ሥር ያሳያል።

በ1859 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ለዚህ ነገር ሌላ ምሳሌ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደ ሆነ ይጻፋል። ንጉሡ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ፤ መንገዱ በየገደሉ እየተጠረገ፥ እርሳቸውም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፥ በመጋቢት ወር ደረሱ። እንግዲህ የብረቱ ክብደት ይታወቃል፥ የጕዞው ወራትም ይታወቃሉ። የጐተቱት ሰዎች ግን ስንት ነበሩ? 500 ነበሩ የሚል አለ፤ ከዚያ በላይ ያደረጋቸውም አለ። ብረቱ እስከ ዛሬ በመቅደላ ተቀምጧልና ጠያቂ ቢመጣ ይለካል፤ የገመዱን ጫፍ የያዘው የበጌምድር ልጅ ግን አልተጻፈም። እንዲሁም በደብረ ታቦር የተቃጠለው ቤት በልቦለድ «ከተማዋ ነደደች» በሚል በአንድ ቃል ያልፋል። ስለ መድፉ ብዙ ገጽ፥ ስለ ባለቤቶቹ አንድ ቃል! በዚህ የንጉሡ ወዳጆችም ጠላቶችም እኩል ናቸው፤ ትልቅ ቍጥር ያለው ዕቃ ቍጥር የሌለውን ሰው ከታሪክ ያስወጣዋል።

ወደ እንግሊዞች መዝገብ የተመለሰ አንባቢ ከሌላ ዓለም የገባ ይመስለዋል። ሆላንድና ሆዚየር የተባሉት መኰንኖች በፈረንጆች 1870 በሁለት ጥራዝ ባሳተሙት የዘመቻ መዝገብ ውስጥ መርከቡ፥ በቅሎው፥ ግመሉ፥ ስንቁ፥ በዙላ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሁሉ በዝርዝር ይገኛል። ጄኔራል ናፒየር 13000 ያህል ወታደር ይዘው መጡ፤ ዝሆኖቹ 44 ነበሩ። ለንደን የነበረው ምክር ቤት መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፥ ኋላ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ደረሰ፤ ምክር ቤቱም ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ የሚመረምር ጉባኤ አቆመ። በዚህ መዝገብ ሲነበብ የመቅደላ ታሪክ የንግድ ታሪክ ይሆናል፤ መርከብ ያከራየው፥ በቅሎ የሸጠው፥ ስንቅ ያቀረበው ሁሉ የታሪኩ ሰው ነው። ይህ መዝገብ አይዋሽም ይሆናል፤ ነገር ግን የሚቈጥረው የሚከፈልበትን ነገር ብቻ ነው። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ስለ ወደቁት ሲናገር የእንግሊዝ ቍስለኛ 20፥ ከእነርሱም በኋላ የሞቱት 2 ናቸው፤ የኢትዮጵያውያን ሙታን ግን «700 ያህል» ናቸው። «ያህል» የምትለው አንዲት ቃል የሁለቱን ወገን ልዩነት ትናገራለች። አንዱ ወገን ደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ አለና በአንድ ተቈጠረ፤ ሁለተኛው በመቶ ተገመተ።

ይህ ግምት የአሸናፊው ብቻ አይደለም። ንጉሡ ከዚያ ውጊያ በፊት በነበረው ቀን በእስላምጌ ያስገደሏቸውና ወደ ገደል ያስጣሏቸው የአገር እስረኞች ቍጥር አንዱ 200 ያህል፥ ሌላው ከ300 በላይ እያለ ይጽፈዋል። በዚያው አምባ ታስረው የነበሩት ፈረንጆች ግን እነ ካሜሮንና እነ ራሳም በየስማቸው ይታወቃሉ፤ ራሳም ራሳቸው ስለ እስራታቸው መጽሐፍ ጽፈዋል። ስለዚህ የአሮጌውን ሙት በግምት ማለፋቸውን ከእንግሊዞች ላይ የሚነቅፍ ደራሲ፥ የእስላምጌውንም ሙት በግምት ሲያልፍ ራሱን ሊመረምር ይገባዋል።

የሚመሰክረውና የሚያከብረው ቍጥር እንዴት እንደሚምታታ 44 የሚለው ቍጥር ያሳያል። ጐንደር የ44 ታቦት አገር ትባላለች፤ ይህ ስም የከተማይቱን ምላትና ክብር የሚናገር ነው። የናፒየር ዝሆኖችም 44 ነበሩ፤ ይህ ደግሞ ቀለብ ለመስፈር የተጻፈ ቍጥር ነው። ለጨዋታ የሚጽፍ ሰው ሁለቱን አጋጥሞ «44ቱን ታቦት ያስከፋውን ንጉሥ 44 ዝሆን መጣበት» ብሎ ቢናገር ሰሚው ይደነቃል፤ ምናልባትም ለብዙ ዘመን ይደጋግመዋል። ነገር ግን ከመገጣጠም በቀር ምንም የለበትም። የዝሆኑ ቍጥር 43 ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አይለወጥም ነበር። በዚህ ዓይነት የተወለደ ወሬ ፍጹም ሐሰት ስላልሆነ ለመንቀል ያስቸግራል፤ ሁለቱም ቍጥሮች በየቤታቸው እውነት ናቸውና።

በደብረ ታቦር ገበያ ለብዙ ዘመን ሲመነዘር የኖረው ጠገራ ብርም ለአንባቢ መልካም አስተማሪ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ይህ ብር 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት ተጽፎበታል፤ ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ሁሉ፥ ናፒየር ለዘመቻቸው ከቪየና ያስመጡት ጭምር፥ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ዓመቱ ቢለወጥ ገበሬው አይቀበለውምና። ስለዚህ 1780 በጠገራው ላይ ዘመንን አይናገርም፤ «ይህ ብር አባትህ የሚያውቀው ነው» የሚል የመተማመኛ ቃል ነው። ነጋዴው ዓመቱን አምኖ አያውቅም፤ 28 ግራም ያህል የሚመዝነውን ብሩን ግን ያምን ነበር። ከቍጥሩ ይልቅ ቍጥሩ የቆመበትን ሥራ ማወቅ እንዲህ ነው፤ የታሪክ አንባቢም ከገበያው ሰው ይህን ቢማር አያፍርም።

የሚያስደንቀው ቍጥር በዚያ ዘመቻ ጊዜ ትልቅ ገበያ አግኝቶ ነበር። የኒውዮርክ ሄራልድ ወሬ ላኪ ሄንሪ ስታንሊ በስዊዝ የነበረውን የቴሌግራፍ ሹም አስቀድሞ በገንዘብ ስለ ያዘው፥ የመቅደላ ወሬ ከመንግሥቱ መልእክት ቀድሞ ለንደን ደረሰ። ለጋዜጣ ገዢ ዝሆንና ሚሊዮን ይጥመዋል፤ የንጉሡ ጥያቄና የደብዳቤያቸው መልስ ማጣት አይጥመውም። በእኛም ዘንድ ጨዋታ የራሱ ሒሳብ አለው። በፎገራ ተወልደው በሊቅነታቸው የታወቁት አለቃ ገብረ ሐና ዛሬ በብዙው ሰው ዘንድ የሚቈጠሩት በቀልዳቸው ብዛት ነው፤ ባለቤት የሌለው ቀልድ ሁሉ በስማቸው ስለሚመዘገብ ቍጥሩ በየዓመቱ ይጨምራል። እርሳቸው እንደ ጀመሩትና ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር እንደ አስፋፋው የሚነገረው የተክሌ አቋቋም ግን አንድ ነው፤ አንድ በመሆኑም ከማሕሌት ውጭ ያለው ሰው ይረሳዋል። ብዛት ጥራትን የሚሸፍነው በጦር ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ከደራስያን መካከል ይህን የተረዳ አቤ ጕበኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1961 ዓ.ም. ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሳተመውን ልቦለድ «አንድ ለናቱ» ብሎ ሰየመው። ለእንዲህ ያለ ንጉሥ ሺሕና እልፍ የሚል ስም ማግኘት ቀላል ነበር፤ እርሱ ግን ከቍጥር ሁሉ ታናሹን መረጠ። በሀገራችን አነጋገር አንድ ለእናቱ የሆነ ልጅ የሚሳሳለት፥ ወንድም የሌለው፥ ቢሞት የማይተካ ነው። በዚህ በአንድ ቃል የንጉሡ ብቸኝነትና የአገሪቱ ኀዘን ተገልጿል። ታላቅነት በብዛት ብቻ እንደማይነገር ለጀማሪ ደራሲ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ለሥነ ጽሑፍ ጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ለብልኆች ጨዋታ በቀረ ነበር። ነገር ግን ያልተዘጋ ሒሳብ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጐንደርና ከሌላውም አገር ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። አምባው በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከተያዘ በኋላ የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ወረደ፤ በዚያም ሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጦ 5000 ፓውንድ ያህል አወጣ፤ ለተራው ወታደር ከ4 ብር ጥቂት የሚበልጥ ደረሰው። ወደ ብሪታኒያ ቤተ መዘክር የገቡት የብራና መጻሕፍት 350 ያህል ናቸው። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ በፈረንጆች 1877 ባሳተመው ማውጫ እነዚህን መጻሕፍት ለእያንዳንዱ ቍጥር እየሰጠ ዘርዝሯል። በዚሁ ቤተ መዘክር 11 ጽላት ተዘግተው ይገኛሉ።

ከዚያ ወዲህ የተመለሰው ጥቂት ነው፤ የተመለሰውም አንድ በአንድ ሊቈጠር ይችላል። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. በደብዳቤ የጠየቁት ክብረ ነገሥት ተመልሷል። በኤድንብራ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ታቦት በ1994 ዓ.ም. አገሩ ገባ። የንጉሡ የራስ ጠጕር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ተመለሰ። እነዚህ እያንዳንዳቸው የተመለሱት «ብዙ ሀብት ተወሰደብን» በሚል ለቅሶ ብቻ አይደለም፤ ይህ መጽሐፍ፥ ይህ ታቦት፥ ይህ ጠጕር ተብለው በጣት በመጠቆማቸው ነው። ወራሪው ለራሱ መመኪያ የጻፈው መዝገብ ዛሬ ለባለቤቱ ዋና ምስክር ሆኗል። ስለዚህ ለአገሩ ተቈርቋሪ ነኝ ብሎ 350ውን ብዙ ሺሕ የሚያደርግ ጸሐፊ አገሩን አይጠቅምም፤ ተከራካሪው አንዱን የተጋነነ ቍጥር ይዞ እውነተኛውንም እንዲያስተባብል ምክንያት ይሰጠዋል። በወታደሩ ኪስ ወጥቶ ሳይመዘገብ የቀረ መጽሐፍ እንዳለ አይጠረጠርም፤ እርሱም «ያልተመዘገበ» ተብሎ ለብቻው መጻፍ ይገባዋል እንጂ ከተመዘገበው ጋር መደባለቅ የለበትም።

ጸሐፊ ዓመትን እንኳ ሲጽፍ መጠንቀቅ አለበት። የመቅደላን መውደቅ አንዱ 1860 ሌላው 1868 ብሎ ይጽፈዋል፤ ሁለቱም እውነት ነው፤ የዘመን አቈጣጠሩ ካልተነገረ ግን ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ስምንት ዓመት ይኖራሉ። እንዲህ ያለ ጥቂት የሚመስል ስሕተት ባለበት መጽሐፍ ላይ ሌላውን ቍጥር ማን ያምነዋል?

እንግዲህ ስለ ደብረ ታቦርና ስለ በጌምድር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቍጥር ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ የማን እንደ ሆነ ይለይ፤ የመዝገብ ቢሆን በመዝገብ ይፈትነው፥ የውዳሴ ቢሆን በውዳሴነቱ ያክብረው፥ የጨዋታ ቢሆን ይሣቅበትና ይለፈው። ከዚያም በኋላ በድምሩ ውስጥ ያልገባውን ይፈልግ። የየአድባራቱ የዕቃ መዝገብ፥ በመጻሕፍት ጠርዝ ላይ የተጻፈው የስጦታ ቃል፥ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት የመንደርና የሰው ስም ገና ተለቅሞ አላለቀም። ሴባስቶፖልን ከጐተቱት መካከል የአንዱ እንኳ ስምና አገር ቢገኝ፥ ከ7 ቶኑ ብረት ይልቅ ለታሪኩ ክብደት ይጨምርለታል።